ከጀርባው የሚነበበው ኮሚክ

ያለቀ ታሪክ ደጋግሞ የሚያነብ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? መጨረሻውን እያወቀ ምን ይጠብቃል? እኔ እትዬ ወርቄን አውቃለሁ። እዚህ ጅቡቲ ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ዓርብ ዓርብ ባልባላ ሰፈር እኛ ቤት ይመጣሉ። ፈረንሳዮቹ አሠሪዎቻቸው አገራቸው ሲገቡ ስድስት ቅጽ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ትተውላቸው ሄደዋል። ፈረንሳይኛ አያነቡም፤ ሥዕሉን ግን ስንቴ እንደጨረሱት እሳቸውም አያውቁም።

አንድ ዓርብ ኮሚኮቹን ይዘው ሲመጡ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።

«አየህ፣ ባሕሩ ከከተማው ወጣ! አሁን ደግሞ ዛፉ ያቆጠቁጣል» አሉኝ። «የአገር ቤቱ መሬታችን ደርቋል፣ እንሽጠው እያለ የሚወተውተኝ ወንድሜ ይህን ቢያይ! ዝናቡ ሲመለስ እርሻዬ እገባለሁ።»

ደነገጥኩ። እትዬ ወርቄ ቀድሞ የሠሩት የመናውያን ቤት ነው፤ መጽሐፍ መግለጥ የተማሩትም ከዚያ ቤት ልጆች፣ እንደ ዐረብኛው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ከተደረደሩት በቀኝ ጫፍ ካለው፣ ከስድስተኛው ቅጽ ጀርባ ተነሥተው ወደ አንደኛው ይሄዳሉ። ዓለም የሚጠፋበት ታሪክ በእሳቸው እጅ ዓለም የሚድንበት ሆኗል!

ታዲያ የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስህተት አይቶ ዝም ይላል? ፈረንሳይኛ የተማርኩት ለመቼ ነው? ቅጾቹን በተራቸው ደርድሬ በትጋት አስረዳኋቸው፤ መጀመሪያ ዛፉ ይደርቃል፣ ኋላ ባሕሩ ከተማውን ይውጣል።

«ሰዎቹስ አይመለሱም?»

«አይመለሱም፣ እትዬ። ታሪኩ እዚያ ላይ አልቋል።»

ስድስተኛውን ቅጽ ዘጉት።

«እንግዲያ ወንድሜን ሽጠው ልበለው» አሉና መጽሐፎቹን እኛ ቤት ትተዋቸው ሄዱ።

መሬቱ ተሸጠ። ኮሚኮቹን አሁን ደጋግሜ የማነባቸው እኔ ነኝ፤ ከስድስተኛው ቅጽ ጀርባ ጀምሬ።