ሙክቱ የፈረደልኝ ቀን

ትናንት በሕልሜ ዳኞች ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ ደጄ ላይ ተሰልፈው አየሁ። እኔ በፒጃማ ተቀምጬ አንድ በአንድ አስገባቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ መዝገብ ታቅፈው ጎንበስ አሉ።

«ጌታዬ፣ ይህን የአቶ ድንበሩን ጉዳይ ልወስን ነበር የመጣሁት።»

«ዛሬ ሲስተም የለም» አልኳቸው። «ከሁለት ወር በኋላ ይመለሱ።»

«ኧረ ስለ እግዚአብሔር! ከሩቅ ነው የመጣሁት!»

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ድንበሩ ማለት ለካ እኔው ነኝ። በሳሙና ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ንብረት ክፍል ሠርቻለሁ። ፖሊስ በሌላ ሰው ጥፋት አምስት ቀን አሰረኝ። ስፈታ የፋብሪካው ባለቤት አቶ ናሁሰናይ «አምስት ቀን ያለ ፈቃድ ቀርተዋል፣ ጋሼ» ብሎ አሰናበተኝ። ሦስት ዓመት ፍርድ ቤት ስመላለስ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ሥራዬ መልሱኝ።

ሰልፉን ጥዬ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሮጥኩ። እዚያ ፖሊሶቹ ታስረው ሌቦች ቃላቸውን ይቀበላሉ። ያኔ ያሰረኝ ሳጅን በፍርግርጉ መሐል እጁን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ!»

«አምስት ቀን ምን አላት? ይለመዳል» አልኩት።

አንጀቴ ግን አልቻለም፤ ፈረምኩለት። እሱም በደስታ አዝሎኝ ፍርድ ቤት አደረሰኝ።

በችሎቱ የተሰየመው ላቱ ከወንበሩ የተረፈ ሙክት ነበር። ናሁሰናይ ሳሙና ሲያማስል ውሎ እስከ ክርኑ አረፋ እንደሆነ ቀረበ። ምስክሬ የንብረት ክፍሉ በር ነው፤ ከነጓጉንቸሩ እየተንቋቋ ገባ።

«ጋሽ ድንበሩ ቀስ አድርገው ነበር የሚከፍቱኝ» አለ በሩ። «የአሁኑ ሰውዬ በእርግጫ ነው።»

አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያመሰገነኝ የለም።

ናሁሰናይ እጅ ነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ መልስ እንዳዘጋጅ ከፋሲካ በኋላ ቀጠሮ ይሰጠኝ።»

ሙክቱ ክው አለ።

«ከፋሲካ በኋላ? እኔን የት ታገኘኛለህ? አሁኑኑ ተወስኗል! ሰውየው ወደ ሥራው ይመለስ። የታሰረበት አምስት ቀንም የመስክ ሥራ ተብሎ ይያዝለት!»

ችሎቱ በእልልታ ተናጋ። በሩ ተንደርድሮ መጥቶ አቀፈኝ፤ ትከሻዬን ይዞ ይወዘውዘኝ ጀመር። «አባት! አባት!» ይለኛል።

ዓይኔን ስገልጥ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ነኝ። የምትወዘውዘኝ ችሎት አስከባሪዋ ናት።

«አቶ ድንበሩ እርስዎ ነዎት እንዴ? ሦስት ጊዜ ተጣራሁ እኮ! ከሳሽ አልቀረበም ተብሎ መዝገቡ ተዘጋ።»

«እዚሁ አፍንጫችሁ ሥር ነበርኩ!» ብዬ ጮኽሁ።

በዚህ መሐል ናሁሰናይ ከችሎቱ ወጣ። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ በካልሲው ነው የሚራመደው። ሲያየኝ ከልቡ አዘነ።

«ውይ፣ ነቁ እንዴ ጋሼ? ትልቅ ሰው ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም ብዬ ስገባም ስወጣም አውልቄ ነው ያለፍኩት።»