ሰባተኛው ቅርጫት

ትናንት ምሳ ከተበላ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ ሳለች፣ ጋሽ ማንያዘዋል ሕልም አየ። በቀን የታየ ሕልም አይፈታም ይላሉ። የሱ ግን ሳይውል ሳያድር ተፈታ፤ ምነው ባልተፈታ!

ጋሽ ማንያዘዋልን የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለማያውቀው ግን፣ መናፈሻው ውስጥ፣ ትልቁ ዋንዛ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሃያ ሁለት ዓመት በታይፕ ማመልከቻ የጻፈ ሰው ነው። ከአጥሩ ወዲያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አለ፤ ባለጉዳይ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ዘንድ ነው። ባሏ የከዳት ትመጣለች፣ ድንበር የተገፋበት ይመጣል፣ ያለ ጥፋቱ ከሥራ የተባረረ ይመጣል። «እኔ የጻፍኩት ማመልከቻ ሳይፈጸም ቀርቶ አያውቅም» ይላል ደረቱን ነፍቶ፤ ሐሰት አይደለም። ማን ምን እንዳመለከተ ጠይቁት እስቲ! አያውቅም። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን «ቀጥል» ይላል። «እኔ አማርኛውን ነው የማሳምርላቸው፤ ጉዳዩ የባለጉዳዩ ነው።»

ከወር በፊት ታዲያ መናፈሻው ውስጥ የብረት ምሰሶ ይተከል ጀመር። በየምሰሶው ቅርጫት፣ ከቅርጫቱ በላይ የተንዠረገገ ሰንሰለት። ጨዋታ ነው ተባለ፤ ዲስክ ጎልፍ። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ የሆነ ፕላስቲክ ከሩቅ ይወረውሩና ቅርጫቱ ውስጥ ያስገባሉ፤ በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። ይጫወቱ፣ ማን ከለከለ! ችግሩ ሰባተኛው ቅርጫት የተተከለው ከጋሽ ማንያዘዋል በርጩማ ሦስት እርምጃ ላይ መሆኑ ነው። ሊያስነሡት እንደሆነ ገባው። ከዚህ ዋንዛ ሥር ከተነሣ የት ይሄዳል? ባለጉዳዮቹስ የት ብለው ያገኙታል? እናም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ማመልከቻ ጻፈ፣ አስገባ፣ መልሱን ጠበቀ። ትናንትም ሲጠብቅ ነው ታይፑን ተንተርሶ እንቅልፍ ድፍት ያደረገው።

በሕልሙ መናፈሻው ያው መናፈሻ ነው። ምሰሶዎቹ ግን የሉም። በምሰሶዎቹ ፈንታ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ከነከረባታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው መሬት ውስጥ ተተክለዋል፤ አንገታቸው ላይ ሰንሰለት፣ ሆዳቸው ላይ ቅርጫት። የሚወረውሩት ዛፎቹ ነበሩ። ጥዱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያነጣጥራል፣ ባሕር ዛፉ ከኋላው ቆሞ ይስቃል። ዲስክ በገባባቸው ቁጥር ኃላፊዎቹ «እናመሰግናለን!» ይላሉ።

ጋሽ ማንያዘዋል ቦታው ላይ ነው። በርጩማው የሚሽከረከር የቆዳ ወንበር ሆኗል። ተራው የደረሰ ኃላፊ ከመሬት እየተነቀለ ፊቱ ይሰለፋል። መጀመሪያ ዋና ኃላፊው ቀረበ፤ ጫማው አፈር በአፈር ሆኗል፣ ማመልከቻውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተተክዬ ነው። ትንሽ ጥላ እንዲፈቅዱልኝ ነበር።»

«ፋይልህ የለም።»

«ይኸው፣ በእጄ ይዤዋለሁ እኮ!»

«በእጅ የተያዘ ፋይል አይቆጠርም። ነገ ና።»

ሰውየው ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጋሽ ማንያዘዋል መዋሸት ምን ያደርጋል፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ብሎ ቀጣዩን «ነገ» አለው፣ ከሱ በኋላ ያለውን «ከነገ ወዲያ»። ከሰልፉ መሃል ወይዘሮ ዝማም ብቅ አለች፤ ያቺ ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱ እንባውን እየጠረገ የጻፈላት ምስኪን። እሷንም ቀና ብሎ ሳያያት «ነገ» አላት። ወንበሩ ነው መቼም እንዲህ የሚያደርገው።

ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው አህያ ነው። ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው።

«ማንያዘዋል፣ ተራህ ነው!» አለ አህያው። «አንዲት ውርወራ አለችህ። ከሳትክ ቦታው ያንተ ነው። ካገባህ ትለቃለህ።»

«ስቼ ነው የማሸንፈው?»

«እዚህ ሌላ ምን ማሸነፊያ አለ? ዋና ኃላፊው አርባ ጊዜ ስቶ አይደለም እንዴ ዋንጫ የወሰደው!»

ተተክለው የቀሩት በሙሉ አጨበጨቡ። አህያው ዲስኳን አቀበለው። ዙሪያዋን ደቃቅ ጽሑፍ አለባት።

«መጀመሪያ አንብባት።»

«እኔ አማርኛውን ነው የማሳምረው» አለ ጋሽ ማንያዘዋል። «ጉዳዩ የባለጉዳዩ ነው።»

ለቅርጫቱ ጀርባውን ሰጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ሽንት ቤቱ ወረወራት። ዲስኳ ሽንት ቤቱ በር ድረስ ሄደች፤ እዚያ «ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው» አለችና ተመለሰች። «ሳቺ! በእመቤቴ ሳቺ!» እያለ ሮጠ፣ ኮቱን ወረወረባት፣ አፈር በተነባት። ምን ብላ ትስማው! ሃያ ሁለት ዓመት ስቶ የማያውቅ እጅ ነው የወረወራት። ሰንሰለቱ ተንሿሿ፣ ዲስኳ ሰባተኛው ቅርጫት ውስጥ ተቀመጠች።

ያኔ ዋንዛው ሥሩን ከመሬት ነቀለ። አፈሩን አራገፈ፣ ወንበሩን አንሥቶ ብብቱ ሥር ሸጎጠና መንገድ ጀመረ።

«ኧረ በማርያም! ወዴት ነው? ምን አደረግሁህ?»

«አንተው ጽፈህ አሰናብተኸኝ፣ አንተው ትጠይቃለህ?» አለ ዋንዛው ዞር ሳይል።

ፀሐይዋ እንዳለች አናቱ ላይ ወረደች። ሰንሰለቱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ጋሽ ማንያዘዋል ብንን አለ።

ቋ የሚለው መዶሻ ነው። የመናፈሻው ዘበኛ ላቀው ከጋሽ ማንያዘዋል አናት በላይ፣ ዋንዛው ግንድ ላይ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በሚስማር እየመታ ነው።

«ቀሰቀስኩዎት ጋሼ? ይቅር ይበሉኝ፣ ታዝዤ ነው። እስከ ሐሙስ ይልቀቁ ይላል። ዋንዛውም ይቆረጣል፤ ለሚወረውሩት ጋረደ ተብሎ።»

ጋሽ ማንያዘዋል ዓይኑን እያሸ ጠየቀ፤ «የኔስ ማመልከቻ?»

«የርስዎን እንጃ። ምክንያቱን ግን ጽፈውታል፤ የጨዋታው ማኅበር ካስገባው ማመልከቻ እንዳለ ገልብጠው ነው። ላንብብልዎ?» ላቀው መልስም አልጠበቀ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተጠቀሰው ቦታ ከጥላ በቀር ለወገን የሚያበረክተው አንዳች ፋይዳ የሌለው፣ ዛፉም ቆሞ ከመታየት ያለፈ ግብር የማያውቅ በመሆኑ...»

ቆሞ ከመታየት ያለፈ ግብር። ይህቺን ሐረግ ጋሽ ማንያዘዋል እንዴት ይስታት! መጋቢት ላይ ቱታ ለብሶ ለመጣ ጎረምሳ፣ እዚሁ፣ ይኸው በርጩማ ላይ ሆኖ ነው የጻፈለት። ሐረጓ ጣፍጣው ሁለቴ ጮክ ብሎ ደግሟት ነበር። የትኛው ዛፍ ብሎ ግን አልጠየቀም።

ላቀው አንብቦ ሲጨርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ወይ አማርኛ! መቼም የሚያስፈርደው ለክፉ ቢሆንም፣ የጻፈው እጁ ይባረክ ነው የሚባለው። አይደለም ጋሼ?»

ጋሽ ማንያዘዋል ቀና ብሎ ዋንዛውን አየው።

«አሜን» አለ።