የእትዬ ዘይነብ ትራክተር ጥጋብ

በእኛ አገር የጎረቤት ሳህን ባዶውን ወደ ቤቱ አይመለስም። ንፍሮ ተልኮላችሁ ሳህኑን አጥባችሁ ብቻ ብትመልሱ፣ ንጹሕ ሰው አትባሉም፤ ቋጣሪ ትባላላችሁ። ቃሪያም ቢሆን ጣል ታደርጉበታላችሁ። አሶሳ ላይ ግን በማንጎ ወቅት ይህ ደንብ ጣጣ አለው። ሁሉም ቤት ማንጎ፣ ሁሉም ሳህን ማንጎ። አንዴ ለጎረቤት የላክሁት ማንጎ ጎኑ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንደያዘ መንደሩን ዞሮ እኔው ቤት ገብቷል። ምን አደርጋለሁ? ተቀበልሁት።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ ስለ ትራክተር ልነግራችሁ ብዬ ነው።

እትዬ ዘይነብ በመንደራችን ጥግ ብቻቸውን ይኖራሉ። በሰፈራው ጊዜ ከባለቤታቸው ከጋሽ ይማም ጋር ከወሎ መጥተው እዚሁ ቀሩ። ጋሽ ይማም ሲሞቱ የተዉላቸው ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱት ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ትራክተር ነው። ሟቹ ለጠየቃቸው ሁሉ በነጻ ያውሱት ነበር። እትዬም ይህን አላፈረሱም። ገንዘብ ቢሰጧቸው ይቆጣሉ፤ በቆሎ ቢያመጡላቸው “ይማም በዚህ አልነገደም” ብለው ይመልሳሉ። የሚወዱት ሰው መምጣቱን ነው። ሊዋስ የመጣ ይቀመጣል፣ ሊመልስ የመጣ ይቀመጣል፣ ጨዋታው ይደራል፤ ግቢው ሰው ሰው ይሸታል።

ዘንድሮ ዝናቡ እንደጀመረ ትራክተሩ ታመመ። ዘይት በየስፌቱ ያዥ ጀመር። ሲነሳ ያስላል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ እርሻው መሃል ይንገጫገጭና ቀጥ ይላል። አንዱ “የፒስተኑ ፋሻ አልቋል” አለ። ሌላው “ሞተሩ በቃው፣ ለቁራሌው ይስጡት” ብሎ መከረ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ያለቀሱት ለብረቱ አልነበረም። ትራክተሩ ከሄደ ማን በራቸውን ይቆረቁራል?

እኔን አስጠሩኝ። መካኒክ አይደለሁም፤ የወፍጮ ሞተር ስጠብቅ ጸጉሬን ያሸበትሁ ሰው ነኝ። ሜዳ ላይ አቁሜ፣ እስኪበርድ ጠብቄ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣ፣ ምልክቱን አልፎ እስከ አንገቱ በዘይት ተነክሯል። ጉድ! የሚያፈስ ሞተር ዘይት ይጎድለዋል እንጂ እንዴት ይተርፈዋል? ትርፉ መውጫ አጥቶ የአየር ማጣሪያውን ሳይቀር አርሶታል። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘሉ አይሰበሩ ይባል የለ? ይኸው።

ማን እንደሚጨምር ጠየቅሁ። አብደልቃድር፣ ከወዲያኛው ቀበሌ የሚመጣው የበርታ ተወላጅ ወዳጃችን፣ ጥያቄው ራሱ ገረመው።

“እኔ ጨመርኩ። ሁሉ ሰው ጨመረ። ወላሂ፣ የሰው ዕቃ ባዶ ይመለሳል እንዴ?”

እትዬ ምንም አልቀበልም ሲሉ፣ ሰዉ ምስጋናውን ለማሽኑ ሲያጎርሰው ከርሟል። የሚጨምረው ሁሉ የሌላውን አያውቅም፤ ማፍሰስ ሲጀምር ደግሞ “ጎደለበት” ብለው ባሰባቸው።

ትርፉን ቀዳሁ፣ ማጣሪያውን አጠብሁ፣ አስነሳሁት። እንደ ድሮው ዱክ ዱክ አለ። በአዋቂነቴ ተኩራርቼ ለመንደሩ ሁሉ ተናገርሁ፤ ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ እንዳትጨምሩ!

አልጨመሩም። አልመጡምም።

ባዶ እጅ እንዴት ይመለሳል? ስለዚህ አይዋሱም። አብደልቃድር እንኳ ከሩቅ ዘመድ በሬ ተውሶ ሲያርስ አየሁት። ትራክተሩ ደኅና ሆኖ ጥላ ሥር ቆመ፤ እትዬም አጠገቡ ተቀመጡ። አንድ ጠዋት ልከው አስጠሩኝ። ሌላ ነገር የተበላሸ መስሎኝ መፍቻዬን ይዤ ሄድሁ።

“ልጄ፣ እንደነበረው አድርግልኝ” አሉ። “ሲያፈስ ሰው ነበረኝ።”

መፍቻዬን የማስገባበት ጠፋኝ። እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም።

የዚያኑ ዕለት አብደልቃድር ዘንድ ሄጄ፣ ተሳስቻለሁ፣ ያ ማሽን ዘይት ይወዳል አልሁት። ፊቱ በራ። በማግስቱ ትራክተሩ የእሱ ማሳ ላይ ነበር፤ ወሬውም ከእሱ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ሲጨምሩ እኔ ሳልታይ እቀዳለሁ። እትዬ ያውቃሉ፤ ስመጣ ጄሪካኑን አጥበው ያቀርቡልኛል። የቀዳሁትን ምን እንደማደርገው አትጠይቁኝ፤ የወፍጮዬ ሞተር ዘንድሮ አምሮበታል።

ባለፈው ሳምንት የጓሮዬን በቆሎ መሬት ላርስ እኔም ተዋስሁት። አመሻሽ ላይ ስመልሰው መለኪያውን አየሁ፤ ልክ ነው፤ አንዲት ጠብታ አያስፈልገውም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የእትዬ በር ላይ ስደርስ ግን እጄን አየሁት፤ ባዶ ነው። እግሬ እምቢ አለኝ።

ትራክተሩን እዚያው አቁሜ ሱቅ ሄድሁና ግማሽ ሊትር ገዝቼ ጨመርሁ። ነገ መጥቼ እቀዳዋለሁ።