ክቡር ሰሚውና የእህቴ ማውስ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ሰው ሁሉ "ጣሉት" ያለውን ዕቃ አንስቶ ጆሮውን የሚሰጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ መሥሪያ ቤት የደረሰው ክቡር ሰሚው ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ "ዕቃው ይናገራል፣ ሰሚ ነው ያጣው" የምትል አባባል ከአፉ ስለማትጠፋ። ኮቴውን ስሰማ በሬን እዘጋ ነበር። አንዴ ከገባ ማውሴን ገልብጦ ሆዱን ሳያይ አይወጣም።

የክቡርነታቸው ሙያ ለእንግዳ ማውሶች ድራይቨር መጻፍ ነው፤ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ዕቃ ቋንቋ እንዲረዳ የሚያደርገውን ፕሮግራም ማለት ነው። ኮምፒውተር በተፈጥሮው የሚያውቀው ግራና ቀኙን፣ መሐል ላይ የምትሽከረከረውንም ጎማ ነው። ጎኑ ላይ አሥራ ሁለት ቁልፍ የደረደረ ማውስ ሲሰኩበት የቀሩትን እንዳልሰማ ያልፋቸዋል። ሰሚው ግን ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ፣ ስክሪኑ ላይ የሚወርዱትን ቁጥሮች በደብተሩ ይገለብጣል። የትኛው ቁጥር የየትኛው ቁልፍ ድምፅ እንደሆነ እስኪለይ ምሳም አይበላም።

በስብሰባ መሐል ዋና ሥራ አስኪያጁን "አውራ ጣትዎ ምን ይፈልጋል?" ብሎ የጠየቀ እሱ ነው። ሰውዬው በዕድሜያቸው ጣታቸውን አማክረው አያውቁም፤ ትንሽ አሰቡና ወደ ቀድሞው ገጽ መመለስ እንደሚፈልግ ተናገሩ። ከማግስቱ ጀምሮ አውራ ጣታቸው በገዛ ሥልጣኑ ገጽ ይመልሳል። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮም፣ ጎማዋን ወደ ጎን ስትገፋ ሰንጠረዡ ወደ ጎን እንዲሄድ ካደረገላት ወዲህ፣ ለእረፍት ስትወጣ ማውሷን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፋለች። እኔ በዚህ ሁሉ እስቅ ነበር።

ሳቄን ያስቆመችው ታላቅ እህቴ ናት። የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ናት፤ ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ያዘ። አለቆቿ ሦስት ወር ሰጧት። እስከዚያ መሥመር መሳል ካልቻለች ቦታዋን ሌላ ሰው ይይዘዋል። አናቱ ላይ በመዳፍ የምትሽከረከር፣ ብርቱካን የምታህል ኳስ የተቀመጠችበት፣ አራት ሰፋፊ ቁልፎች ያሉት ማውስ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ገዛሁላት። የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ኮምፒውተሩም ከኳሷ በቀር ምንም አልገባው አለ። የዘጋሁትን በር ከፍቼ ሄድኩና ሰሚውን ለመንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት መጣ። ማውሱን ገልብጦ ያያል ብዬ ስጠብቅ እጇን አየ።

"እትዬ፣ እስቲ አንዴ ይጫኑ" አላት።

አንዴ ልትጫን አስባ አራት ጊዜ ተጫነች። አፍራ እጇን ልትደብቅ ስትል፣ አራቱንም በደብተሩ አስፍሮ እንድትደግመው ጠየቃት። በሳምንቱ ድራይቨሩን ይዞ ተመለሰ። አራቱ እንደ አንድ ይቆጠራል፤ የኳሷም መንቀጥቀጥ ይለዝባል። የእርዳታውን ልክ የሚወስነውን ቁጥር "ትዕግሥት" ብሎ ሰይሞ አርባ ላይ አስቀምጦታል። እህቴ ያን ቀን አንድ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሳለች። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው "ትንሽ አሻሽዬዋለሁ" እያለ መመላለስ ሆነ ሥራው። ሦስት ወሩ ሳይሞላ እህቴ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ማውሱን እንደ ልጅ ትመርቀዋለች። በቀደም ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የድራይቨሩን መስኮት ከፈትኩት። ትዕግሥት፣ ዜሮ ይላል። ማሻሻያ ሲለን የኖረው ለካ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መቀነሱን ነው። መሥመሩን የሚስለው እጇ ብቻውን ነበር። ሰው ሰውን ይህን ያህል ተጠንቅቆ ሲደግፍ፣ ተጠንቅቆም ሲለቅ አይቼ አላውቅም።

ዜሮ የሆነው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቢሮ ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው አለኝ።

"እጃቸው ሲናገር ሰማሁ፣ ጋሼ። ለእሳቸው ግን አይንገሩብኝ፤ ካወቁ ይፈራሉ።"

ታዲያ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ምን ሲያሻሽል እንደከረመ ብጠይቀው፣ ማውሴን ገልብጦ ሆዱን ማየት ጀመረ።

እኔ ምስጢር አልችልም፤ በማግስቱ ለእህቴ ዘረገፍኩላት። ዓይኗን ከፕላኑ አላነሳችም።

"ቁጥሩ አሥር ላይ ሳለ ነው ያየሁት" አለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ድኛለሁ ካልኩት መምጣቱ ይቀራል።"

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ኮቴው ደረጃው ላይ ሲሰማ፣ ሳያንኳኳ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።