የእማ ታጉ አቡጀዲ

እኛ ሰዎች ለሞት የምንሰናዳውን ያህል ለሕይወት ተሰናድተን ብናውቅ ኖሮ ይሄኔ የት በደረስን! አትቆጡኝ፤ እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። እድሩ ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ጡሩንባ አለው፣ ጡሩንባ ነፊም አለው። ሰው የሞተ እንደሆነ ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ንፍሮ እንደሚቀቅል፣ ማን ዶማውን ተሸክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገሰግስ ሁሉም ሳይነገረው ያውቃል። ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት በኋላ በወግ በማዕረግ ይቀበራል። ሳይሞት ታሞ ብቻ የተኛ እንደሆነ ግን ጉድ ፈላ! ባትሪው የት ነው? ገመዱን ማን ወሰደው? ማን ይሸከም? በየት በኩል እንውረድ? ሁሉም ያዛል፣ የሚታዘዝ የለም። በእኛ አገር ወግ ያለው እርዳታ የፈለገ ሰው ቢሞት ይሻለዋል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ቅጠሉን አስቀድሞ ቀጥፎ ደጁ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ግን አላየሁም። ቢያስቀምጥማ «ይሄ ሰውዬ ምን ሊያቃጥል አስቦ ነው?» ተብሎ ይጠረጠራል።

ይህንን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ የሰውን ልብ ደግሞ እንደ ጨርቅ ነጋዴ የሚያውቀው የለም። ለሠርጓ ቀሚስ የምትመርጥ ሙሽራ ታስቸግራለች ትላላችሁ? ለመግነዙ አቡጀዲ የሚመርጥ ሽማግሌ አላጋጠማችሁም ማለት ነው። አንድ ጥቅምት አክስቴ እማ ታጉ ከጃናሞራ ደጋ ድረስ ለዚሁ ጉዳይ መጡ። አገራቸው ከመካነ ብርሃንም ማዶ፣ ማኪና የማይደርስበት ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጠው አንዱን ጣቃ በጣታቸው አሸት አሸት አደረጉና ገፋ አደረጉት።

«ይሄ ይሻክራል» አሉኝ።

«እማ፣ ደግሞ ማን ሊያማርር ነው?»

«እኔ ነኛ! እስከ ምጽአት የምለብሰው እኮ ነው!»

ካለኝ ሁሉ ለስላሳውንና ሰፊውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ወስደው በሣጥናቸው ውስጥ ከሥር፣ በጠጅ ሣር መሐል አስቀመጡት። ጎረቤት ሲመጣ ያሳዩታል፤ ጎረቤቱም እያገላበጠ «ሸጋ ነው፤ ያልብስዎት» ይላል።

እንግዲህ እኒሁ እማ ታጉ ናቸው፣ የአንድ ልጃቸው የፈንታሁን ሚስት ይታይሽ ስታረግዝ ለሚመጣው ሕፃን አንዲት ቁራጭ ጨርቅ እንዳትቀመጥ የከለከሉት። ሟርት ነዋ! ደግሞ አይፈረድባቸውም። በልጅነታቸው ለመጀመሪያ ልጃቸው ፎጣ አሠርተው፣ መታቀፊያ አዘጋጅተው ጠብቀው ነበር፤ ፎጣው ቀረ፣ ልጁ ግን አላደገም። ከዚያ ወዲህ ለሕያው ነገር አስቀድመው አይሰናዱም። ከምራታቸው ጋር ያላቸውንም ነገር ልንገራችሁ። ወጡ ጨው ካነሰው «እጇ ንፉግ ነው» ይላሉ፤ ከበዛው «እጇ ገልቱ ነው» ይላሉ፤ ልክ የሆነ ቀን ዝም ብለው ይበላሉ። ይታይሽ ዝምታውን እንደ ምርቃት መቁጠር ለምዳለች።

በነሐሴ ለማርያም ንግሥ እነሱ ቤት ወጣሁ። ነሐሴ ላይ ያንን አገር ላላያችሁት ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጉሙ ከገደሉ ሥር ይነሣና ቀስ እያለ ቤቱን፣ የጽዱን ዛፍ፣ ከብቱን ሁሉ ይውጠዋል። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሳሉ ይሰማል፤ ከዚያ ነጣ ያለ ነገር ይታያል፤ ቆይቶ ቆይቶ ነው ፊት የሚያበቅለው። እኔ የከተማው ሰው እዚያ በደረስሁ ቁጥር ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል። ያየሁትን ሁሉ አይቼው ይሁን አልሜው እስከ ዛሬ በቅጡ አልለየሁም። እናንተም እንዲሁ ጉም ውስጥ ሆናችሁ ስሙኝ።

ንግሡ ሲያበቃ እድርተኛው ጽዱ ሥር ተሰበሰበ። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰብለ ከሥልጠና የተመለሰችው በዚያው ሰሞን ነበርና፣ ስለ ድንገተኛ አደጋ መሰናዶ ልትነግረን ተነሣች። ባትሪ አለች፣ ገመድ አለች፣ ፋሻ አለች፣ በየቤቱ የሚቀመጥ በሶ አለች። «ለወላድ ደግሞ ንጹሕ ጨርቅ፣ የሚሸከማትም ሰው አስቀድሞ ይለይ» ስትል ዓይኗ ይታይሽ ላይ አረፈ። የይታይሽ ወሯ ገብቷል። «የመጀመሪያዋ ነው፤ ሰውነቷም ትንሽ ነው። ምጡ ከጠናባት ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አውርዷት። ከዘገያችሁ እናትም ልጅም ይሄዳሉ።»

«ኧረ ክፉ አታናግሪን!» አሉ እማ ታጉ ከሴቶቹ መሐል። «ምነው አንች ልጅ፣ ደህና በተቀመጠችው ላይ ታሟርችባታለሽ?»

የእድሩ ዳኛ አያ ደሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አያ ደሴ ጡሩንባ ነፊውም እሳቸው ናቸው፤ ጡሩንባውን ለሌላ ሰው አያምኑም። «ነገሩስ መልካም ነበር» አሉ፤ «ግን የእድሩ ሣጥን እስከ መኸር ባዶ ነው። በምን እንግዛው?»

«ግዙ አላልሁም፤ ባላችሁ ተሰናዱ ነው የምለው። ቃሬዛ እንደሆነ አላችሁ» አለች ሰብለ፣ በጣቷ ወደ ዕቃ ቤቱ እያመለከተች።

ያ የእድሩ ቃሬዛ እኮ የሙታን ነው! ላዩ ላይ ከተኛው ሁሉ አንድም የተመለሰ የለም። በነፍስ ያለ ሰው ቢታመም በገዛ አልጋው ነው የምናወርደው። «ሕያው እዚያ ላይ አይተኛም» አሉ አያ ደሴ ቀስ ብለው፤ «መንገዱን ማለማመድ ይሆናል።» ሁሉም አማተበ።

ብዙ ከተወራ በኋላ ምንም የማያስወጣ ነገር ተገኘ፤ ጡሩንባው። ለሞተ ሰው እንደ ወትሮው ረዥም ይነፋል፤ በሕይወት ላለና እርዳታ ለሚሻ ግን አጭር፣ አጭር፣ አጭር ይነፋል። አያ ደሴ እዚያው ሞከሩት፤ ከጉሙ ውስጥ አንድ አህያ መለሰላቸው። ተሳቀ። «ሸጋ ነው» ተባለ። እኔም «ሸጋ ነው» አልሁ። መሰናዷችን በዚሁ ተጠናቀቀና ወደየቤታችን ገባን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ብዙም ሳይቆይ፣ እኔ ገና ወደ ጎንደር ሳልመለስ፣ የይታይሽ ምጥ መጣ። አንድ ምሽት ጀመራት፣ ሲነጋም አልለቀቃት። እማ ታጉ ማልደው ማርያምን ሊለምኑ ኪዳን ሄዱ። እኔ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጉሙን አያለሁ። ተጠርታ የመጣችው ሰብለ ከቤት ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጧል። «ደም አለ። አሁኑኑ ትሂድ!» አለች። እሷ አምቡላንሱን ለመጥራት ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ሮጠች፤ ፈንታሁን ወደ አያ ደሴ ሮጠ፤ እኔ ድንጋዬ ላይ ቀረሁ።

አያ ደሴ ጡሩንባቸውን አነሡ። አሁን ሰውየው ላይ አትፍረዱባቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ጡሩንባ አንድ ነገር ብቻ ሲናገሩ ኖረዋል፤ የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። በድንጋጤ አፋቸው ላይ ደቀኑትና ያንን የሚያውቁትን ረዥሙን፣ የሞቱን፣ አንድ ጊዜ ለቀቁት።

ጉሙ ውስጥ ጡሩንባው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም ነበር። ቆላውም ደጋውም የሚያለቅስ መሰለ። ከዚያ ከየአቅጣጫው ነጭ ነጭ ነገር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ የድንኳኑን ቋሚ የተሸከሙ ወንዶች፣ ዶማና አካፋ ያነገቱ ጎረምሶች። ቃሬዛው ሳይቀር መጣ። ጎረቤት ውስጥ ንፍሮው ተጥዷል። ሁሉም እንደ ሕልም ዝም ብሎ ይመጣል፣ ቦታ ቦታውን ይይዛል። እውነቴን ነው፣ እኔ ራሴ ይታይሽ ሞታለች ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ፤ በሩ ላይ ተቀምጬ!

ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደግሞ አንድ ድምፅ ጉሙን እየሰነጠቀ ወረደ። የእማ ታጉ ነው። ጡሩንባውን ሰምተው መርዶአቸውን ለራሳቸው አርድተዋል።

«ጎጆዬን በሳቋ የምታበራ፣
ከእንግዲህ በማታ ከማን ጋር ላውራ!»

ደረታቸውን እየደቁ፣ «ሸጋዋ ልጄ! እጀ ወርቋ!» እያሉ ግቢ ገቡ። እጀ ወርቋ? ስለ ጨው የሚባለውን ለምናውቅ ሰዎች አዲስ ነገር ነበር። ይሄኔ ነው ከቤት ውስጥ የይታይሽ የደከመ ድምፅ የተሰማው።

«እማ! ኧረ አለሁ!»

ለቀስተኛው በአንድ ላይ አማተበ። አያ ደሴ ጡሩንባቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። ሰብለ ከኮረብታው ስትመለስ ግቢው በሰው፣ በእንጨት፣ በመጫኛ፣ በዶማ ሞልቶ አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እንዲህ በአንዴ ተሰናድታችሁ ትመጣላችሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብሁ!» አለች። ደፍሮ እውነቱን የነገራት አልነበረም።

ግን በምን ትሂድ? የእነሱ አልጋ ሰፊ ነው፤ በገደሉ ጠባብ መተላለፊያ አያልፍም፤ በክረምት ጭቃማ አይታሰብም። የሁሉም ዓይን ወደ ቃሬዛው ሄደ። ፈንታሁን ጨነቀውና «ሌላ ምን አለን? በዚሁ እንውሰዳት» አለ። ይታይሽ ከውስጥ «እሱ ላይ አልተኛም!» ብላ ጮኸች። ጊዜው ይሄዳል፤ ደሙም ይሄዳል።

እማ ታጉ ወደ ቤት ገቡ። ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ፤ የጠጅ ሣር ሽታ እስከ በሩ መጣ። ሲወጡ ያንን አቡጀዲ ታቅፈዋል።

«በድንኳኑ እንጨት ላይ እሰሩት።»

አንድ ሽማግሌ «እመት፣ መግነዝ እኮ...» ሊሉ ሲጀምሩ እማ ታጉ አቋረጧቸው። «በእኔ ስም የተገዛ ነው። በውስጡ ያለው ሞት የእኔ ነው፤ እሷን አይነካትም!»

ጨርቄን አወቅሁት። «እማ...» አልሁ፣ ምን ልል እንደነበር እንጃ። «ዝም በል አንተ» አሉኝ፤ «አይሻክራትም።»

እንዴት እንደወረድን ልንገራችሁ ብል አይሆንልኝም። አቡጀዲው እጥፍ ሆኖ በሁለት የድንኳን ቋሚ መሐል በመጫኛ ታስሯል፤ ይታይሽ በውስጡ ናት። ሊቀብሯት የመጡት ጎረምሶች ፊት ፊት እየሄዱ በዶማ ጭቃውን ደረጃ ደረጃ ያወጡልናል። ተሸካሚው እንደ ቀብር ወግ ሳይቆም ትከሻ ይለዋወጣል፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ከጉሙ ብቅ ይልና ይገባበታል። ሴቶቹ እየተከተሉ ለተሸካሚው ንፍሮ ያጎርሳሉ። አረማመዱ የለቅሶ ነው፤ አፉ ግን «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። እኔም ተራዬን ተሸከምሁ፤ ብዙም አልቆየሁበት፣ ቦርጬ ይመስክር። የማኪናው መንገድ ጋ ስንደርስ አምቡላንሱ መብራቱን አብርቶ ጉም ውስጥ ቆሟል።

መካነ ብርሃን ጤና ጣቢያ ደጅ እማ ታጉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ያቺ ምላስ ጠፍታለች። «ጌትነት» አሉኝ፣ «አንድ ቀን እንኳ በፊቷ ሸጋ ነሽ ብያት አላውቅም። ያለኝን ሁሉ ጠዋት አወጣሁት። እንግዲህ ብትሞትብኝ ምን ብዬ አለቅሳለሁ?» አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

ከሰዓት በኋላ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ሴት ናት። እናቷም ተርፋለች! እልል ተባለ። ሕፃኗን የሚጠቀልል ግን አንዲት ጨርቅ እንኳ አልያዝንም፤ ሟርት ነዋ። እማ ታጉ ከአቡጀዲው ንጹሑን ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ቀደዱትና ሰጡ።

ስንገባ ይታይሽ ቢጫ ሆና ተኝታለች፤ ዓይኗ ግን ይስቃል። «እማ፣ ጠዋት ያሉትን ሰምቻለሁ» አለች።

«ምን አልሁ?»

«እጀ ወርቅ ነሽ ብለዋል።»

«እሱማ ለሞተ ሰው የሚባል ነው!»

«እንግዲያው ሳልሞትም ይድገሙልኝ።» እማ ታጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። አልደገሙላትም። ወጡ ልክ በሆነ ቀን ግን አሁን «ጥሟል» ይላሉ ብላኛለች፤ ዝግ ባለ ድምፅም ቢሆን።

አያ ደሴም አዲሱን ደንብ ሽረውታል። «አጭሩን ብነፋ ኖሮ ማን ይመጣ ነበር?» ይላሉ። አሁን ለሁሉም ረዥሙን ነው የሚነፉት፤ ሰውም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይደርሳል፤ በሕይወት ያለ ካገኘ ነጠላውን አቃንቶ ይሸከማል።

ጥቅምት ሲጠባ እማ ታጉ ከኔትወርኩ ኮረብታ ላይ ደወሉልኝ። ነፋሱ ከድምፃቸው ይበልጣል።

«አቡጀዲ ላክልኝ።»

«እንደ ፊተኛው ለስላሳ ይሁን እማ?»

«ልስላሴው ይቅር! የሚሸከም ይሁን። ሁለት ሆናችሁ ጎትታችሁ ሞክሩት። ወርዱም ሰፋ ይበል።»

ግራ ገባኝ። «ለመግነዝ ነው እማ፣ ወይስ ለቃሬዛ?»

ድምፃቸውን ከነፋሱ በላይ አነሡ።

«ቀድሞ ለመጣው» አሉኝ።