ጥሩምባ ነፊው የቆመበት ደጅ

በሰው ሕይወት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ምርጫ የትኛው ነው ብትሉኝ፣ ትዳር ነው አልልም። ትዳር የሚመርጥ ሰው ቢያንስ ሽማግሌ ይልካል፣ ዘመድ ያማክራል፣ በመጨረሻም ወይ እሺ ይባላል ወይ እምቢ። ለትርፍ ጊዜው የኮምፒውተር ጌም ሊሠራ ተነስቶ «በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ልጻፈው?» እያለ የሚያመነታ ሰው ግን የሚልከው ሽማግሌም የለው፣ እሺ የሚለውም የለው። እኔ እንዲያ ያለሁ ሰው ነኝ። ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ የሰው ፕሮግራም እጠግናለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጉለሌ፣ እናቴ ስታርፍ በተወችልኝ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ የራሴን የጌም ሞተር እሠራለሁ። ሞተር ስል የመኪና እንዳይመስላችሁ። ጌሙ ውስጥ ሰው ሲራመድ፣ ግድግዳ ሲያቆመው፣ ድምፅ ሲሰማ፣ ከሥር ሆኖ ያን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ነው። ተሠርቶ ያለቀ፣ በነፃ የሚገኝ ሞልቷል። እኔ ግን የራሴን ካልሠራሁ አልኩ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ርግብ የሚያረባም ሰው አለ።

የቢሮአችንን የቋንቋ ክርክር ብትሰሙ ሃይማኖት የሚያስለውጡን ይመስላችኋል። ሲ የሚባለው አንጋፋ ቋንቋ ፈጣን ነው፤ ወደ ገደል ስትሄዱ ግን «ገደል ነው» አይላችሁም። ራስት የሚባለው በተራው እንደ ሕንፃ በር ፈታሽ በየደረጃው ኪሳችሁን ካላራገፋችሁ አያሳልፍም። ፓይተን አንደበቱ ለስላሳ ነው፤ ፍጥነቱ ግን አዲሱ ገበያ ቆሞ ሰው እስኪሞላለት የሚጠብቅ ታክሲ ነው። እኔም ዘዴ ዘየድኩ፤ አንዲት ትንሽ ጌም በሦስቱም ቋንቋ ልጽፍና የሚሻለኝን ልመርጥ።

በጌሟ ውስጥ ጦርነት የለም፤ ዘንዶም የለም። ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ። ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሲቀድ በየመንደሩ እየዞረ፣ ጥሩምባ እየነፋ የሚያረዳውን ሰውዬ ማለቴ ነው። ዛሬ ዛሬ እድሩ በስልክም መልእክት ይልካል፤ ይሁንና የሰፈሬ ሰው ጥሩምባውን በጆሮው ካልሰማ የሰው ሞት አያምንም። እሱን የመረጥኩት በስንፍና ነው። ነጭ ጋቢ ለብሶ ብቻውን የሚሄድ ሰው ለመሣል ይቀላል፤ ፊት እንኳ አላበጀሁለትም። ትእዛዙም አጭር ነው፦ ሂድ፣ በቆምክበት ሁሉ ንፋ።

የሚሄድበትን መንገድ ለማግኘት ስልኬን ይዤ ከሰፈራችን መግቢያ እስከ መጨረሻው በእግሬ ሄድኩ፤ ስልኩ አካሄዴን ይመዘግባል። መስመሩ እንዳይቋረጥብኝ ዓይኔን ከስልኩ ላይ አልነቀልኩም። ጥሩምባ ነፊው እንግዲህ በእኔው መንገድ፣ በእኔው እርምጃ ይሄዳል ማለት ነው።

መጀመሪያ በሲ ጻፍኩት። ክረምት ነበርና ከእንጦጦ የወረደው ጉም ረፋዱ ላይም መስኮቴን አልለቀቀም ነበር። ጋቢ ለባሹ ብቅ አለ፣ የቆርቆሮውን አጥር ታክኮ መጣ፣ ሰፈሩ መሐል ሲደርስ ቆመ። ነፋ። የቆመበት ቦታ መንገዱ ከሚጠብበት፣ የእኔና የእማማ አስካለ በር ፊት ለፊት ከሚተያዩበት ላይ ነው። እማማ አስካለ የእናቴ የዕድሜ ልክ ጎረቤት፣ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። እዚያ ቁም ብዬ ያዘዝኩት የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ቸኩዬ ጽፌው ነው ብዬ ተውኩት።

በራስት ስጽፈው አልቸኮልኩም። ፈታሹ ቋንቋ ኪሴን ሁሉ አስራግፎ፣ ስንት ጊዜ መልሶ፣ ስንት ጊዜ ገሥጾ በመጨረሻ አሳለፈኝ። ጋቢ ለባሹ መጣ፣ አጥሩን ታከከ፣ እዚያው ቦታ ቆመ። ነፋ።

«ማን ሞተ?» የሚል ድምፅ ከጀርባዬ ሰማሁ።

እማማ አስካለ ናቸው። የመብራት ካርዳቸው አልቆ ስልካቸውን እኔ ዘንድ ቻርጅ ሊያደርጉ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ማንም አልሞተ እማማ። ጌም ነው።»

ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታልና አፍንጫቸው ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጉ። «ይኼ የኛ ሰፈር አይደለም እንዴ? ይኼ እኮ የኔ በር ነው። ማን ልኮት ነው?»

«ማንም አልላከው። ራሱ ነው የሚቆመው።»

ያጽናናቸዋል ብዬ የተናገርኩት ቃል ሴትዮዋን አስቀመጣቸው። «የፈሩት ይደርሳል» ብለው ተነሡና ስልካቸውን ሳይሰኩ ይዘው ወጡ።

ሞራውን ለማስገፈፍ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። አንዱ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረው ደግሞ ከዘገየ እንደማይድን ሐኪሙ ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን አልሄድም አሉ። ሊሞት የተጠራ ሰው ዓይን ምን ይሠራለታል? የክት ነጠላቸውን ለልጃቸው ለሰናይት ላኩ። ነጠላው በደረሳት ማግስት ሰናይት ከሱሉልታ ከንፋ መጣች።

«ኤርሚያስ፣ በናትህ ያን ነገርህን አስተካክለው» አለችኝ። «'እሱ ኮምፒውተር ያውቃል፣ አይዋሽም' ትላለች። እኔን አትሰማኝም። ቀጠሮው ካለፈ በቃ፣ እናቴ ዕውር ሆና ነው የምትቀረው።»

እኔስ ምን አደረግኩ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ቋንቋ ቀየርኩ። በፓይተን ጻፍኩት። ጋቢ ለባሹ አሁን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፤ ቀስ እያለ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ቆመ። ነፋ። አንዱ ያለውን ሌላው እህ ብሎ የማይሰማ ሦስት ቋንቋ በእማማ አስካለ ሞት ተስማማ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በማግስቱ ስልኬን ይዤ፣ ያንኑ መንገድ ያንኑ አካሄድ ልሄድ ወጣሁ። እዚያ ቦታ ምን እንዳለ ለማየት ነው። ገና ስደርስ ከበራቸው ሥር «አንተ ልጅ፣ ሰላም አትልም እንዴ? ግባ እንጂ» አሉኝ እማማ አስካለ። ቆምኩ። ከቆምኩ በኋላ ነው የገባኝ።

በእኛ ሰፈር እኮ ሳይቆም የሚያልፍ ሰው የለም። እንዴት አደርክ፣ ሥራ እንዴት ነው፣ ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይ ሳይባባል ማን ያልፋል? ዘንድሮ ታዲያ ጠያቂውም መላሹም ቀና አይልም፤ ዓይናችን ስልክ ላይ ሆኖ አፋችን ብቻውን «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። መንገዱን በመዘገብኩበት ቀንም እንዲሁ ነበር። እዚህ ስደርስ «በላህ?» ያለኝ ሰው ነበር። ቀና ሳልል «በላሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ፣ ለወጉ ያህል ቆሜ፣ መንገዴን ቀጠልኩ። ስልኩ መቆሜንም መዝግቦታል። ጥሩምባ ነፊው የሚቆመው እኔ ስለቆምኩ ነው።

«እማማ፣ እኔን ያቆሙኝ እርስዎ ነዎት» አልኳቸው እየሳቅኩ፣ ነገሩን ካስረዳሁ በኋላ። «ያን ቀን 'በላህ?' ብለውኝ ነው የቆምኩት። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ቀኑ መቼ ነበር?»

«የሐምሌ ሥላሴ ማግስት።»

ያቺ የቀረች ዓይናቸው ፊቴ ላይ ቆየች። ከዚያ ግንባራቸው ሲፈታ አየሁ። «እንግዲያስ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ» አሉ። ደስታዬን አልደብቃችሁም። ለሰናይት ስነግራት አለቀሰች፤ እኔም በሕይወቴ አንድ ስህተት በወቅቱ አርሜ ለሰው የጠቀምኩ መሰለኝ።

ቀዶ ጥገናው ሠመረ። መስቀል ካለፈ በኋላ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው መጡና «እስቲ ያን ሰውዬ በደህና ዓይኔ ልየው» አሉኝ። ከፈትኩላቸው። ሲመጣ፣ ሲቆም፣ ሲነፋ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ኤርሚያስ፣ ሥላሴን እኔ ሁልጊዜ ሰናይት ዘንድ ነው የምውለው። ባለፈው ሐምሌም ሳምንቱን እዚያው ነበርኩ፤ በሬም ተቆልፎ ነበር። ደግሞስ እኔ አንተን መቼ 'በላህ' ብዬህ አውቃለሁ? 'ግባ' ነው የምልህ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ የመጣው ለኔ አለመሆኑን ካወቅኩ በኋላ ምን ያስለፈልፈኛል? ዓይኔን ልሠራ ሄድኩ።»

ደህና ዋል ብለውኝ ወጡ። እኔ ስክሪኑ ፊት ቀረሁ። እዚያ ቦታ ላይ የሚተያዩት ሁለት በሮች ናቸው። አንደኛው ያን ቀን ተቆልፏል። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ የምኖረውም ብቻዬን ነው። ጥሩምባ ነፊው የቆመው ለእማማ አስካለ ነው ብለን እኔም፣ ሰናይትም፣ ራሳቸው እማማም ያመንነው እሳቸው አሮጊት ስለሆኑ ብቻ ነው። የየትኛው በር ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚህ ሰፈር ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆማ፣ ገና እግሬ ሳይገባ «በላህ?» የምትለኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እናቴን ከቀበርናት ሁለት ክረምት አለፈ። ያን ቀን ቀና ብል ኖሮ ምን አይ ነበር? ናፍቃኛለች፤ ቀና ባለማለቴ ይቆጨኛል፤ ቀና አለማለቴም ደግ ነው እላለሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ቋንቋውን እስከ ዛሬ አልመረጥኩም። ቢሮ ውስጥ ክርክሩ ቀጥሏል፤ ሲጠይቁኝ ሁሉም ያው ነው እላቸዋለሁ፣ ይናደዳሉ። ያቺን መቆሚያ ከመንገዱ ላይ ቆርጬ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አሁን ከሥራ ስመለስ የበሬን ቁልፍ ከማውጣቴ በፊት ስልኬን ኪሴ ከትቼ ቀና እላለሁ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ «በላሁ» እላለሁ። ባልበላም እላለሁ። አልበላሁም ያልኩ እንደሆነ ማዕዱ የት እንደሚቀርብልኝ አላውቅማ።