የግንደ ቆርቁር ኪቦርድና ሦስቱ ዳኞች

ተረቴ መጥታለች፤ ጆሯችሁን አውሷት። ከብዙ ዘመን በፊት፣ እንስሳት ስብሰባ በሚያበዙበት አንድ ጫካ ውስጥ እኔ ዝንጀሮው የሙዚቃ ሊቅ ነበርኩ። ሊቅ ያደረገኝ ትምህርት አይደለም፣ ጣት ነው። ጎሽ ያለው ሰኮና፣ ንስር ያለው ጥፍር ነው፤ እባብ ደግሞ ምንም የለውም። ጣት ያለን እኔና ጦጣ ብቻ ነበርን፤ ጦጣም እድሜዬን ስለምታከብር ከእኔ ቀድማ መሣሪያ አትነካም። ስለዚህ በክራር ሁለት ዘፈን፣ በዋሽንት አንድ ተኩል ዘፈን ብቻ የማውቀው እኔ በየሰርጉ ከክብር እንግዶች ጋር ስቀመጥ ኖርኩ።

በዚያው ጫካ ግንደ ቆርቁር የሚባል ወፍ ነበር። ሦስት ክረምት ሙሉ ግንድ ሲጠርብ ጎረቤቱ ሁሉ ቤት የሚሠራ መስሎት ነበር። እሱ ግን ኪቦርድ ይሠራ ነበር። ከበሮ መቺው ጥንቸል ካረጀ፣ ዘፋኟ ወፍም ወደ ሌላ አገር ከበረረች ወዲህ ሰርጎቻችን ቀዝቅዘው ስለነበር፣ ለብቻው ባንድ የሚያክል መሣሪያ ልሥራ ብሎ ተነሳ። ተጫዋቹ በግራ እጁ አንድ ቁልፍ ሲነካ ከበሮው፣ ቤዙና ክራሩ ተከትለው ይነሳሉ፤ በቀኝ እጁ ዜማውን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ሥራ የግንደ ቆርቁር ምንቃር በግማሽ አለቀ። ሚስቱም «ወይ እኔን ወይ ጣውላውን ምረጥ» ብላ ሁለት ጊዜ አኩርፋ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች።

ኪቦርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በእመት ድኩላ ልጅ ሰርግ ላይ እንዲሆን ታሰበ። የጫካው ሕግ ግን ማንኛውም አዲስ ነገር በዳኞች ሳይታይ አደባባይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ሦስት ዳኞች ተሰየምን። አያ ጅቦ ሰብሳቢ ሆነ፤ ድምፁ ስለሚያይል ስብሰባ ላይ ማንም አያቋርጠውም። እኔ በጣቴ ምክንያት ባለሙያ ሆንኩ። ሦስተኛው ፍልፈል ነበር። እሱን ያስመረጠው ራሱ ግንደ ቆርቁር ነው፤ «ከመሬት በታች ሆኖ የትል እርምጃ የሚሰማ እሱ ብቻ ነው» ብሎ ለመነ።

ማክሰኞ ጠዋት ከዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። መጀመሪያ አያ ጅቦ በመዳፉ አሥራ ሁለት ቁልፍ ባንድ ጊዜ ተጫነና አዳመጠ።

«ጩኸቱ ያንሳል» አለ። «ከዚህ በቀር እንከን የለውም።»

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። ቁጭ አልኩና ፊቴን አኮሳተርኩ። ከቁልፎቹ በላይ በጣም ብዙ አዝራር ተደርድሯል። አንዱ ምት ይቀይራል፣ አንዱ ማሲንቆውን ዋሽንት ያደርገዋል፣ አንዱ ዜማውን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል። ግንደ ቆርቁር አንድ በአንድ ሲያስረዳኝ «አዎ፣ አዎ፣ ይኼማ የታወቀ ነው» እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ማብራሪያ በኋላ ምንም አልገባኝም። ማቋረጥም አፈርኩ፤ መጠየቅማ ጭራሽ የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ደስ ያለኝን ቀይ አዝራር ተጫንኩ።

ጉድ ተፈጠረ! ከበሮው ተነሳ፣ ማሲንቆው ተከተለ፣ ዋሽንቱ ከላይ ሆኖ ተንቆረቆረ። ለካ አዝራሩ ኪቦርዱ ራሱን የሚያስተዋውቅበት፣ ያለ ተጫዋች በራሱ የሚዘፍንበት ነው። እኔ ገና አንድም ቁልፍ አልነካሁም። ምን ላድርግ? ጣቶቼን ከዜማው ኋላ ኋላ አስሮጥኳቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ትከሻዬንም ነቀነቅኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ አያ ጅቦ እንባውን እየጠረገ ነበር።

«አያ ዝንጀሮ! እንዲህ ትጫወታለህ እንዴ? እስከዛሬ ሸሽገኸን!»

«እንደነገሩ ነው» አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ከግንደ ቆርቁር ጋር ተያየን። አዝራሩን የሠራው እሱ ነው፤ ያውቃል። ለመናገር ምንቃሩን ከፈት አደረገ። ከዚያ ወደ ኪቦርዱ አየ፣ የሦስት ክረምት ልፋቱን አየ፣ ምንቃሩንም መልሶ ገጠመ። እኔም ሆንኩ እሱ ያኔ የዋሸነው አንድም የውሸት ቃል ሳንናገር ነው።

ፍልፈል ግን ጆሮውን ጣውላው ላይ እንዳስደገፈ ነበር። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ግሩም ሥራ ነው» አለ። «ከበሮው ደረት ውስጥ ይገባል፤ ማሲንቆው እውነተኛ ማሲንቆ ይመስላል። አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ሙሽራ በሚሸኝበት በአንቺሆዬ ቅኝት ላይ አንዱ ድምፅ ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝ። አያ ዝንጀሮ፣ እባክህ ከበሮውን አጥፋውና አንቺሆዬን አንድ በአንድ ምታልኝ። እርግጠኛ ልሁን።»

አንቺሆዬ ከየትኛው ቁልፍ እንደሚጀምር እንኳ አላውቅም ነበር። የማያውቅ ባለሙያ ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ተቆጣሁ።

«አንተ አፈር ስትቆፍር የምትውል፣ እኔን ስለ ዜማ ልታስተምረኝ ነው? እኔ እኮ የተጫወትኩት አሁን ነው! አያ ጅቦን ያስለቀሰው ምን ሆነና?»

አያ ጅቦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፍልፈል አልተቆጣም። ወደ ግንደ ቆርቁር ዞሮ «ሦስት ቀን ቢሰጥህ ታስተካክለዋለህ» አለው። ግንደ ቆርቁርም ሰርጉ ነገ ስለሆነ «ዳኞቹ ጥሩ ነው ካሉ ጥሩ ነው» ብሎ መለሰ፤ ይህን ሲል ግን ፍልፈልን አላየውም። ድምፅ ተሰጠ፤ ሁለት ለአንድ ሆነ። አያ ጅቦ በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ አጻፈ።

በማግስቱ ጫካው ሁሉ ለሰርጉ ወጣ። ዝናዬ ቀድሞኝ ስለደረሰ የሚጫወተው እኔ እንድሆን ተወስኖ ነበር። ቀይዋን አዝራር ተጫንኩና እንደ ትናንቱ ጣቴን አስሮጥኩ። እልልታው ቀለጠ፤ ጎሹ በእርጅናው እስክስታ ወረደ። ኪቦርዱ ያንኑ ዘፈን ሦስት ጊዜ ሲደጋግመው ማንም አልታዘበኝም። ግንደ ቆርቁር ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ሚስቱን በክንፉ አቅፏት ነበር።

ከዚያ እመት ድኩላ ብድግ አለች። ልጇን ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«አያ ዝንጀሮ፣ አሁን ልሸኛት ነው። እናቴ እኔን የሸኘችበትን ዜማ እዘፍንላታለሁ። በአንቺሆዬ ቀስ ብለህ ተከተለኝ።»

መዝፈን ጀመረች። ሙሽራዋም ግንባሯን እናቷ አንገት ውስጥ ቀበረች። እኔ ቁልፎቹን ስፈልግ፣ አንዱን ስነካ ሌላውን ስስት፣ በመጨረሻ ቅኝቱን እንደምንም አገኘሁት። ደስ ብሎኝ ቁልፉን ጫን አልኩ። ያቺ ፍልፈል ያላት ዝቅ ያለች ድምፅ ወጣች። እመት ድኩላ ዜማው ጠፋባት። እንደገና ሞከረች፣ እንደገና ጠፋባት። በሰርጉ ላይ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ያኔ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ያልኩት ግን ሌላ ነው።

«መሣሪያው ነው! ግንደ ቆርቁር የተበላሸ መሣሪያ አምጥቶ አዋረደን!»

«እኔ ትናንትም ጩኸቱ ያንሳል ብዬ ነበር» አለ አያ ጅቦ።

ማጉረምረም ተነሳ። ግንደ ቆርቁር ከቅርንጫፉ ወርዶ ኪቦርዱን ሸፈነ። እመት ድኩላ ደግሞ ጉሮሮዋን አጸዳችና ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈነች፤ ሴቶቹ በጭብጨባ ተከተሏት፤ ልጅቷም በሥርዓቱ ተሸኘች። እኔ ጣቶቼን ብብቴ ውስጥ ደብቄ ቆሜ ነበር።

ከሰርጉ በኋላ ጉባኤው ጥፋቱን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ማን ይመስላችኋል? ጉዳዩን ከመጀመሪያው ስለማውቀው እኔ ተመረጥኩ።

ቃሉን ልቀበል ወደ ግንደ ቆርቁር ቤት ሄድኩ። ፍልፈል ጆሮውን ጣውላው ላይ አድርጎ «ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ከፍ፣ እዚያ ላይ ተው» ይላል፤ ግንደ ቆርቁር ባለቀ ምንቃሩ ቀስ እያለ ይጠርባል። ጦጣም ሳይጠሯት መጥታ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ትነካለች። ሦስቱም እኔን አላዩኝም። አንቺሆዬው ከላይ እስከ ታች ጥርት ብሎ ወጣ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ቃል ሳልቀበል ተመለስኩና ሪፖርቴን ጻፍኩ። መጫወት እንደማልችል፣ ቀይዋን አዝራር ተጭኜ እንዳታለልኩ፣ ፍልፈል ልክ እንደነበረ፣ በሰርጉ ፊት የሰው ስም እንዳጠፋሁ፣ ሁሉንም ጻፍኩ።

ጉባኤው ሪፖርቱን አንድ ቀን ሙሉ ተወያየበት። ማታ አያ ጅቦ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እውነቱን መናገርህ ደስ ብሎናል። ግን ዳኛ ተሳሳተ ብለን ከጻፍን ነገ ማን ዳኝነታችንን ያምናል? ስለዚህ ጥፋቱ የወፉ ነው ተብሏል። አንተ ደግሞ ለታማኝነትህ ቋሚ ዳኛ ሆነሃል።»

ግንደ ቆርቁር ይህን ሲሰማ ሚስቱንና ኪቦርዱን ይዞ ወንዙን ተሻገረ። ፍልፈልም ከመሬት በታች ተከተለው፤ ጦጣም ቤቷን ዘግታ ሄደች። አሁን ማዶ ሰርግ በሆነ ቁጥር ነፋሱ ዜማውን ያመጣልናል። የእኛ ጫካ እንስሳት ሥራቸውን ትተው ወንዙ ዳር ይቆማሉ። ከዚያ ዞረው ያዩኝና «አያ ዝንጀሮ፣ ምን ትላለህ፣ ጥሩ ነው?» ይሉኛል።

«እኔን አትጠይቁኝ» እላቸዋለሁ። «እኔ ዳኛ ነኝ።»